መልስ፦ የዩሴፍ ኮሙንያካ የቬትናም ግጥሞች መቼ ተጻፉ?

በጦር ሜዳ አልተጻፉም። አሜሪካዊው ገጣሚ ኮሙንያካ በጦርነቱ ጊዜ ቬትናም ሳሉ በሠራዊቱ ጋዜጣ ዘጋቢና አርታኢ ነበሩ፤ ስለ ጦርነቱ ግጥም መጻፍ የጀመሩት ግን ወደ አገራቸው ከተመለሱ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ሲሆን፣ «ዲየን ካይ ዳው» የተሰኘው የቬትናም ግጥሞቻቸው መድበል የታተመው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ በሚያዘጋጁት የገጣሚው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ያስቸገረዎት፣ በጦርነቱና በመድበሉ መካከል ያለው የዓመታት ክፍተት ስህተት ስላልሆነ እንዳይሞሉት፤ ይልቁንም ሰፋ አድርገው ቢያብራሩት መልካም ነው።

የመምህርነቱን ክፍል በኢንዲያና፣ በፕሪንስተንና በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲዎች ቅደም ተከተል ያስኪዱት።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በ1994 እ.ኤ.አ. የአሜሪካውን የፑሊትዘር ሽልማት ያገኙት በቬትናሙ መድበል ሳይሆን «ኒዮን ቨርናኩላር» በተሰኘው ሌላ መድበላቸው ነው። ተማሪዎች ሁለቱን ሲያምታቱ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ በሉዊዚያናዋ ቦጋሉሳ ያሳለፉት ልጅነትና የጃዝ ፍቅራቸው ከታሪኩ ይወጣና ገጣሚው የጦርነት ብቻ ሆነው ይቀራሉ።