«ውሃ የማያሳልፍ» ወይስ «ውሃ የማይጠጣ»?

ጥያቄ፦ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የጥጥን ቃጫ በኬሚካል ለውጦ ውሃ እንዳያርሰው ስለማድረግ ነው። በአማርኛ ርእስ ስሰጠው «ውሃ ገፊ ጥጥ» አልኩ። አንዱ መምህሬ «ውሃ የማያሳልፍ» ይባል አሉ፣ ሌላው «ውሃ ጠል» ይሻላል አሉ። የትኛውን ልያዝ? ጥጡንስ «የታከመ» ልበለው ወይስ «የተቀባ»?

መልስ፦ ከሦስቱ አንዱንም ለርእስዎ አልመርጥም፤ ይበልጥ የሚያሳስተው ግን «የማያሳልፍ» ነው። ማሳለፍ የመንገድ ጉዳይ ነው፤ ውሃው በዚህ ገብቶ በዚያ ወጣ ወይስ አልወጣም? የላስቲክ የዝናብ ልብስ ውሃ አያሳልፍም፤ ላብም ስለማያስወጣ ለባሹ ከውስጥ ይርሳል። የእርስዎ ጨርቅ ግን በድሩና በማጉ መካከል ያለው ክፍተት እንዳለ ነው። አየር ይመላለስበታል፤ ዶፍ ሲወርድበትም ውሃው ሊዘልቀው ይችላል። ይህን «ውሃ የማያሳልፍ» ብሎ መሸጥ ገዢን ማታለል ነው። የተለወጠው የቃጫው ጠባይ ነው፤ ይጠጣ የነበረው አሁን አይጠጣም። «ውሃ የማይጠጣ ጥጥ» ይበሉ። ጠበቅ ያለ ቃል ካሻዎት «የማይመጥጥ» አለልዎት።

«ጠጣ» ለጥጥ ሲነገር ኬሚስትሪውንም አይጋፋም። ጥጥ ከሞላ ጎደል ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ የግሉኮስ ሰንሰለት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ የግሉኮስ ቀለበት ላይ 3 የሃይድሮክሲል (የተያያዙ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን) ቡድኖች አሉ፤ ውሃን የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ደግሞ ጥጥ ሲፈጠር እንዲህ ውሃ ወዳድ አልነበረም። ተዳምጦ ፍሬው የወጣለትን፣ ገና ያልታጠበውን ጥሬ ጥጥ ውሃ ላይ ቢጥሉት ተንሳፎ ይቆያል። የተፈጥሮ ሰም ለብሷልና። ፋብሪካው በኮስቲክ ሶዳ ቀቅሎ ያንን ሰም ያነሣዋል፣ ጨርቁ ቀለም እንዲቀበል። እናንተ ደግሞ መጥታችሁ ሌላ መከላከያ ትሰጡታላችሁ!

«ውሃ ጠል» በኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ ለሞለኪውል ጠባይ ቢነገር አልከራከርም፤ «ሰው ጠል» እንደምንለው ነው። ለጨርቅ ግን አይመቸኝም። «ጠል» ሲባል አንባቢው መጀመሪያ የሚያስበው የንጋቱን ጤዛ ነው። ነገሩም ጥላቻ አይደለም፤ የውሃ ሞለኪውሎች ከቃጫው ይልቅ እርስ በርሳቸው መያያዝን ይመርጣሉ፤ ጠብታው የሚድቦለቦለው ስለዚህ ነው። «ገፊ»ም በዚሁ ይወድቃል። ማንም ማንንም አልገፋ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ «የታከመ»ን ለበሽተኛ እንተውለት። የእንግሊዝኛውን «treated» ሳያላምጡ መዋጥ ያመጣው ነው። «የተቀባ» ጥሩ አማርኛ ነው፣ ነገር ግን ላይ ላዩን ለተለቀለቀ ነገር ነው፤ ሰም የተቀባ ሸራ እንደምንለው። ሰሙ በመታሸት ይለቃል፣ ሴሉሎሱም ከሥሩ እንደ ነበረ ይገኛል። «የተነከረ»ም አለ፤ «በኬሚካል የተነከረ አጎበር» የሚለውን በየጤና ጣቢያው ሰምተነዋል። እርሱ የሚነግረን አሠራሩን ነው፤ ከተነከረ በኋላ ቃጫው ምን እንደ ሆነ አይነግረንም። እርስዎ አሴቲክ አንሃይድራይድ ወይም የሰባ አሲድ ተጠቅመው ሃይድሮክሲሎቹን በኤስተር (ሃይድሮክሲል ከአሲድ ጋር ሲዋሃድ በሚፈጠር ቡድን) ከተኩ፣ አዲሱ ቡድን ከሰንሰለቱ ጋር በኬሚካል ትስስር ተያይዟል፤ ቅብ አይደለም። «የተለወጠ» የሚለው ቃል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በጥናትዎ ሁለቱንም ዓይነት ጨርቅ የሚያወዳድሩ ከሆነ፣ አንዱን «የተቀባ»፣ ሌላውን «የተለወጠ» እያሉ እስከ መጨረሻው ይጽኑበት፤ በየገጹ እየቀያየሩ አንባቢን አያደናግሩ።

ርእሱን እኔ ብጽፈው «የጥጥን ቃጫ በኬሚካል ለውጦ ውሃ የማይጠጣ ማድረግ» እለው ነበር። ውጤቱን ሲያቀርቡም ልኩን በቁጥር ይንገሩን፦ ጠብታው ከጨርቁ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ በላይ ከሆነ «አይጠጣም» ማለት ያስኬዳል፤ ከ150 ካለፈ ደግሞ «ጨርሶ አይነካውም» ቢሉ አልቃወምም።