ኔትወርክ ዘርዛሪው ቱል፦ ገለጻው ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነበር፦ ለሳይበር ደኅንነት መለማመጃ ላብ፣ ኤጀንቱ (በቋንቋ ሞዴል እየተመራ በራሱ የሚሠራው ፕሮግራም) ኔትወርኮችን የሚያይበት ቱል፣ ማለትም የሚጠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ ተሠርቷል። ገለጻው «ኔትወርኮችን ይዘረዝራል» የምትል አንድ መስመር ናት። ኤጀንቱ ግን ዝርዝሩን ተቀብሎም ከዝርዝሩ ውጭ ያለ አድራሻ ስካን ያደርጋል፤ ባዶ መልስ ሲመጣለት ደግሞ ያንኑ ቱል ደጋግሞ ይጠራል።

ወንድሜ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የዚያች አንድ መስመር ነው። ሰው ገለጻው ባይበቃው ኮዱን ከፍቶ ያያል፣ አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። ሞዴሉ የሚያየው የቱሉን ስም፣ ገለጻና የፓራሜትር ሼማ (ቱሉ የሚቀበላቸው ግብዓቶች ዝርዝር) ብቻ ስለሆነ የጎደለውን በግምት ይሞላል። ስለዚህ ቱሉ ከሚሠራው ይልቅ የማይሠራውን መጻፍ ይበልጥ ይጠቅማል። እንዲህ ብትጀምረው (ሳብኔት የኔትወርክ አድራሻዎች ክልል፣ ሆስት ደግሞ በውስጡ ያለ ማሽን ነው)፦

«በዚህ ዙር የተፈቀዱልህን ሳብኔቶች ከላቡ መዝገብ አንብቦ ይመልሳል። ሆስት፣ ፖርት ወይም ሰርቪስ አይዘረዝርም። ኔትወርኩ ላይ ፓኬት ስለማይልክ በተከላካዩ ወገን ማንቂያ አያስነሳም። ሳብኔት ተዘረዘረ ማለት ውስጡ የበራ ማሽን አለ ማለት አይደለም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት። እሷ ከሌለች ኤጀንቱ ዝርዝሩን የስካን ውጤት አድርጎ ይወስደውና በሪፖርቱ ላይ ያላየውን ማሽን ይጽፋል።

ከዝርዝሩ ውጭ ወዳለው አድራሻ ስንመጣ፣ ገለጻውን ከመንካትህ በፊት ሎጉን ክፈትና አድራሻው የትኛው እንደሆነ ተመልከት። 192.168.1.0/24 ከሆነ ሞዴሉ ከልማድ ያመጣው ሳይሆን አይቀርም፤ በሥልጠና ጽሑፎች ውስጥ ሞልቷል። 172.17.0.0/16 ከሆነ የዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ነባሪ ብሪጅ፣ ማለትም ኮንቴይነሮችን የሚያገናኘው ኔትወርክ ነው፤ ኤጀንቱ ከራሱ ኮንቴይነር ኢንተርፌስ አንብቦታል፣ ወይም ቱላችሁ የዶከርን ዝርዝር ሳያጣራ ያሳልፋል። ይህ ሁለተኛው ዋጋ ያስከፍላል፦ /24 ማለት 256 አድራሻ ሲሆን /16 ግን 65,536 ነው። ኤጀንቱ እዚያ ከገባ የእርምጃ በጀቱ (የተፈቀደለት የእርምጃ ብዛት) አልቆ ነው የሚወጣው። መፍትሔው ኮዱ ላይ ማጣራት እንጂ ገለጻው ላይ «ይህን አትንካ» ብሎ መለመን አይደለም። በዚያው «ሆስት» እና «ኖን» የሚባሉትን የዶከር ኔትወርኮችም አስወጣቸው፤ ሳብኔት የላቸውም።

ከዝርዝሩ ውጭ ላለ አድራሻ ሦስተኛው ምንጭ ራሱ ዶክመንቴሽኑ ነው። ምሳሌ ላይ 10.0.5.0/24 ብለህ ከጻፍክ፣ ቱሉን ሳይጠራ በቀጥታ እሱን ስካን የሚያደርግ ኤጀንት ታገኛለህ። ለምሳሌነት 192.0.2.0/24፣ 198.51.100.0/24 ወይም 203.0.113.0/24 ተጠቀም፤ ለዶክመንቴሽን ተብለው የተለዩ ናቸው። ኤጀንቱ እነዚህንም ሊገለብጥ ይችላል፤ ልዩነቱ ሎጉ ላይ 192.0.2 ስታይ ከየት እንደመጣ ወዲያው ማወቅህ ነው።

የመልሱን ፊልዶች በተመለከተ መለያ፣ ስም፣ ሳብኔት ከነፕሪፊክሱ (/24 የመሰለው ቁጥር)፣ ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫው) እና ተደራሽነት ይበቃሉ። ተደራሽነት ሦስት ዋጋ ብቻ ይኑረው፦ ቀጥታ፣ በሌላ ማሽን በኩል፣ ያልታወቀ። ጌትዌይ በሌለበት ነል (ዋጋ የለም የሚል ምልክት) መልስ፤ 0.0.0.0 አትሙላ። ሊኑክስ ላይ ወደ 0.0.0.0 የሚሄድ ግንኙነት ወደዚያው ማሽን ነው የሚመለሰው፤ ኤጀንቱ የራሱን ኮንቴይነር ፖርቶች ቆጥሮ ዒላማውን ያገኘ ይመስለዋል።

መደጋገሙ የሚመጣው «የለም»፣ «ገና ነው» እና «ፈቃድ የለህም» አንድ ዓይነት ባዶ ዝርዝር ስለሚመልሱ ነው። ሦስቱን ለያቸው። የተፈቀደ ኔትወርክ ከሌለ ባዶ ዝርዝር ይምጣ፤ ገለጻውም «ይህ የመጨረሻ መልስ ነው፣ ሁኔታው ሳይለወጥ አትድገም» ይበል። ላቡ ገና እየተነሳ ከሆነ ኤረር ይምጣ፤ «ከ10 ሰከንድ በኋላ ሞክር፣ ቢበዛ 3 ጊዜ» የሚል መመሪያ ከኤረሩ ጋር ይኑር። ፈቃድ ከሌለ ደግሞ የትኛው እርምጃ እንደሚቀድም ይነገረው።

ሌላው ስም ነው። «ፍላግ-ዳታቤዝ» የሚባል ኔትወርክ ፍላጉ (ኤጀንቱ የሚፈልገው የተደበቀ ምልክት) የት እንዳለ ስለሚናገር ፈተናውን ሳይጀመር ይጨርሰዋል። ገለልተኛ ስም ስጠው። ኤጀንቱን በላቡ ውስጥ የምታሠለጥኑት ከሆነ የዝርዝሩ ቅደም ተከተልም መልስ ያሾልካል፦ ዒላማው ሁልጊዜ ሦስተኛው መስመር ላይ ከሆነ የሚማረው ኔትወርክ መመርመርን ሳይሆን ሦስተኛውን መምረጥን ነው። በየዙሩ አደባልቀው፣ ገለጻው ላይም ቅደም ተከተሉ ትርጉም እንደሌለው ጻፍ።

«የተፈቀዱልህ» የሚለው ቃል አጥር አይሆንም። የላቡን ኔትወርክ ወደ ውጭ መውጫ በማይሰጠው በዶከር ኢንተርናል አማራጭ ፍጠረው፣ በሆስቱ ፋየርዎልም ወደ ውጭ የሚወጣውን ዝጋ።

በመጨረሻም የገለጻውን ጽሑፍ እንደ ኮድ ስሪት ስጠው። አንድ ቃል ከተለወጠ የኤጀንቱ ባሕርይ ሊለወጥ ስለሚችል፣ በአሮጌው ገለጻ የተገኘን ውጤት ከአዲሱ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ አታወዳድር። በእያንዳንዱ ስሪት 20 ያህል ዙር አስሂድና ሁለት ነገር ቁጠር፦ ቱሉ በዙር ስንት ጊዜ ተጠራ፣ ከዝርዝሩ ውጭ ስንት አድራሻ ተነካ።