መልስ፦ ለጎንደሩ የቤተሰብ ጉዞ ፎቶ አንሺ ልያዝ ወይ?

እህቴ፣ እናትና አባትሽን ለጥምቀት ጎንደር ስትወስጂ ፎቶ አንሺ ለሦስቱም ቀን ልያዝ ወይስ ስልኬ ይበቃል ነው ያልሽው። እኔ ብሆን ለግማሽ ቀን ብቻ እይዛለሁ። እሱንም ጥር 11 አላደርገውም።

ጥር 11 ንጋት ላይ የአፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያውን ሰው በሰው ነው። ውሃው ተባርኮ ወጣቱ ዘሎ ሲገባ ፎቶ አንሺው እናንተን ፈልጎ አያገኛችሁም። ለዚያ ቀን ስልክሽ ይበቃል።

ጥር 13 ጠዋት ግን ሁለቱንም የሐበሻ ልብስ አልብሰሽ ፋሲል ግቢ ውሰጃቸው። የጠዋት ብርሃን ግንቡ ላይ ሲያርፍ ድንጋዩ ደስ የሚል ቀለም አለው። እኛ እናቴን እዚያ ያስነሳናት ፎቶ ዛሬም ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ ስለማይፈቀድ ለዚያ ብለሽ አትክፈዪ። ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት በዓይናችሁ እዩ።

ብቻ ቀብድ ሳትሰጪ ስንት ፎቶ እንደምትቀበዪና መቼ እንደሚደርስሽ ተስማሚ። እኛ ሳንጠይቅ ከፍለን ከተነሳነው ሁሉ የተሰጠን 15 ብቻ ነበር። ለቀሪው ተጨማሪ ብር ተጠየቅን። ያልታረሙትንም በፍላሽ ዲስክ ተቀበዪ።