ስለ ነፍሳት ማሽተት ጠይቁኝ፤ ዛሬ ማታ ከጅማ

ሰላም ወገን። ዝናቡ አላስወጣ ብሎኝ ቤት ነኝ፤ ቡናውም ተፈልቷል። ርዕሳችን በነፍሳት አንቴና ውስጥ ያሉት ሽታ ያዥ ፕሮቲኖች ናቸው። ከወዲሁ ላስጠንቅቅ፦ ፕሮቲኑ ራሱ አያሸትም። የሚያሸተው ነርቩ ነው።

ከአጋሮ፦ ጋሼ፣ ለጀማሪ ያስረዱን። ሥራው ምንድን ነው?

የትንኝን አንቴና በማይክሮስኮፕ ብታዪው ጥቃቅን ፀጉር የወረሰው ነው። ፀጉሩ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሽታ የሚገባው በነሱ ነው። ውስጡ ግን ውሃማ ፈሳሽ ነው፤ አብዛኛው ሽታ ደግሞ ቅባትነት አለው። ቅቤ ውሃ ውስጥ ጠብ ስታደርጊ ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም አይደል? ፕሮቲኑ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 150 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ በሉት) ቢኖረው ነው። ሆዱ ውስጥ ክፍት ቦታ አለው። ሽታዋን እዚያ ሸጉጦ ነርቩ ላይ ላለው ተቀባይ ያደርሳል ይባላል። መጀመሪያ ያገኙት ቮግትና ሪዲፎርድ የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ በ1981 እ.ኤ.አ.፣ ከአንድ ትልቅ የእሳት እራት አንቴና። «ይባላል» ያልኩት ግን ያለነገር አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ተማሪ ነኝ፦ ነገ ፈተና አለብኝ፣ ሙሉ ኖት ይላኩልኝ።

አልልክም።

ከጌራ፣ ንብ አናቢ፦ አንዷ ስትነድፈኝ ሙዝ ሙዝ ይሸተኛል፤ ወዲያው ሌሎቹ ይጎርፉብኛል። እኔ ነኝ ወይስ እውነት ነው?

እውነት ነው። አይሶፔንታይል አሲቴት ይባላል፤ የንብ ጥሪ ነው። ጭስ የምታጨሰውም ለዚሁ ነው፤ አንቴናዋ ለዚያ ሽታ ያለውን ንቃት ያደበዝዘዋል።

ከሰቃ፦ ወይራ ነው የሚሻለው። የእበት ጭስ ማሩን ያበላሻል።

ከጌራ፦ ማን አለ? አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በእበት ነው የቆረጠው።

ከሰቃ፦ ለዚህ ነዋ ማራችሁ እበት እበት የሚለው!

የጭሱን ነገር ለብቻችሁ ጨርሱ።

ከማና፦ ቡና ፍሬ የሚበሳውን ጥንዚዛ በሚስብ መዓዛ ማጥመድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ኤታኖልና ሜታኖል ተደባልቆ። ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ልጆች የማይደርሱበት አስቀምጥ።

ከሂርማታ፦ ታዲያ ትንኝ የምታሸተን በዚህ ፕሮቲን ነው?

ስንት ጊዜ ልበል? አያሸትም! ፕሮቲኑ ያግዛል፣ ለዚያውም ሁልጊዜ አይደለም። «ይባላል» ወዳልኩት ልመለስ። መጻሕፍቱ ባጃጅ ያደርጉታል፤ ሽታ አሳፍሮ ተቀባዩ በር ላይ ያወርዳል። በ2016 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የፍራፍሬ ዝንብ ላይ ሞከሩት። በብዛት ያለው ሽታ ያዥ ፕሮቲን አንድ ብቻ የሆነበት የፀጉር ዓይነት አለ። እሱን አጠፉት። ነርቩ ዝም ይላል ብለው ሲጠብቁ ምላሹ አልቀነሰም፤ እንዲያውም በረታ። ባጃጅ ሲጠፋ ሰው በእግሩ ቤቱ ይገባል አይደል? ምናልባት ይህኛው ፕሮቲን ሥራው ድንገት የሚጎርፍ ሽታን መግታት ነው።

ግን አትቸኩሉ። እዚያው ዝንብ ላይ ለሽ የሚባል ፕሮቲን አለ። እሱ ሲጎድል ነርቩ የወንዱን ፌሮሞን፣ ማለትም ለወገኖቹ መልእክት የሚያደርስበትን ሽታ፣ በወጉ አይሰማም። በወባ ትንኝም አንዱን ፕሮቲን ሲያዳክሙት አንቴናዋ ለኢንዶል መልስ መስጠት አቆመ። ኢንዶል ከላባችን የሚወጣ ሽታ ነው። ስለዚህ «ሥራው ይሄ ነው» ብሎ ለሁሉም በአንድ አፍ የሚናገር ሰው አይመቸኝም። የፍራፍሬ ዝንብ ብቻ የዚህን ፕሮቲን ዘመዶች የሚያሠሩ 52 ጂኖች አሏት፤ ሁሉም አንድ ሥራ የሚሠሩበት ምክንያት የለም።

ከቦሳ፦ አሁን ነው የገባሁት። በአጭሩ ሥራው ምንድን ነው?

ከአጋሮ የተጠየቀውን ከላይ አንብብ። መብራት ሄዷል፤ ስልኬም 4 በመቶ ነው የቀረው። ደህና እደሩ።

ከሰቃ፦ ወይራ ይሻላል ግን።