ጥያቄና መልስ፦ በፖከር የጋራ ካርታ ሲያሸንፍ

ጥያቄ፦ ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን የፖከር ዓይነት እየተማርኩ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከ10 እስከ አስ የተከታተሉ 5 ካርታዎች ቢወጡ፣ የሚያሸንፈው በእጁ ትልቅ ካርታ የያዘው ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይደለም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች በድብቅ ከሚሰጡት 2 ካርታዎችና ለሁሉም ከሚገለጡት 5 ካርታዎች መካከል የሚቆጠሩለት ምርጦቹ 5 ብቻ ስለሆኑ፣ ባለ አንድ ምልክት 5 ካርታ የሠራ ከሌለ በቀር፣ እስከ መጨረሻው የቆዩት ሁሉ መደቡን እኩል ይካፈላሉ።

ጀማሪን ይበልጥ የሚያደናግረው ግን የደረጃው ቅደም ተከተል ነው። ባለ አንድ ምልክት 5 ካርታ ተከታታዮቹን የሚበልጠው እምብዛም ስለማይገኝ ነው፤ ከ52 ካርታ 5 ሲወጣ እርሱ በ5,108፣ ተከታታዩ ደግሞ በ10,200 መንገድ ይገጥማል። ይህን በቃልዎ እስኪይዙ ድረስ በገንዘብ ሳይሆን በባቄላ ፍሬ እንዲለማመዱ አጥብቀን እንመክርዎታለን።