ቀኑን ሙሉ ራጅ ቢተኮስበትስ?

ጥያቄ፦ ደሴ የምሠራ የራጅ ባለሙያ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስን በራጅ የሚፈትን፣ ሕንፃ የሚያህል ማሽን አለ ሲሉ ሰማሁ። የእኛ ማሽን ቀኑን ሙሉ ቢተኮስበት ያው አይሆንም? ደግሞስ የከተማውን መብራት አያጠፋም?

መልስ፦ ከመብራቱ ልጀምር፤ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚጠይቀኝ። የሰሙት አልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ሳንዲያ ላቦራቶሪ ያለውን «ዚ ማሽን» ይመስለኛል። ለአንድ ተኩስ የሚያጠራቅመው ጉልበት 20 ሜጋጁል ገደማ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰዓት ተኩል የሚበላውን ያህል! ጉዱ ጊዜው ላይ ነው። መንገድ ላይ ከሚባክነው የተረፈውን በ100 ናኖሰከንድ (የሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ) ገደማ ይለቀዋል፤ ያኔ ኩረንቱ 26 ሚሊዮን አምፔር ይደርሳል።

2160 ኮንደንሰሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን ተያይዘው፣ ቀስ ብለው ይሞላሉ። ስዊቾቹ ሲተኮሱ በሲሪየስ፣ ማለትም አንዱ ከሌላው ቀጥሎ፣ ይያያዙና ቮልቴጃቸው ይደመራል። ይህን ዘዴ ጀርመናዊው ኤርዊን ማርክስ በ1920ዎቹ ያመጣው ነው። የኩረንቱ ምት ግን ገና ረጅም ነው፤ የሚያሳጥሩት በንጹሕ ውሃ የተሞሉ መስመሮች ናቸው። አዎ፣ ውሃ! ለማይክሮሰከንድ ያህል ከሆነ ግሩም ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር) ነው። መጨረሻ ላይ ኃይሉ ከፀጉር የቀጠኑ የተንግስተን ሽቦዎችን ወደ ፕላዝማ (ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ የጋለ ጋዝ) ይለውጣል፤ የኩረንቱ መግነጢስ ፕላዝማውን ወደ መሃል ሲጨፈልቀው ራጁ ይፈነጥቃል።

አሁን ወደ እርስዎ ማሽን። ቀኑን ሙሉ ቢተኮስ ዶዙ (ዕቃው የተቀበለው የጨረር መጠን) ይጠራቀማል፤ ቺፑ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚያረጅ ያሳያል፤ እሱ ሌላ ፈተና ነው። እነዚያ ትልልቅ ማሽኖች የሚያስመስሉት የኑክሌር ፍንዳታን ራጅ ነው፤ እሱ ግን በአንድ ቅጽበት ይመጣና በቺፑ ውስጥ ባሉት ትራንዚስተሮች ሁሉ ኩረንት ያስነሳል። ሜሞሪው ይሳሳታል፤ አንዳንዱ ቺፕ ደግሞ እንደተከፈተ ቧንቧ ኩረንት እያሳለፈ ይቀርና ኃይሉ ካልተቋረጠለት ይቃጠላል። ያው ዶዝ ተበታትኖ ቢሰጠው ምንም ላይመስለው ይችላል። ፈተናው የዶዙ ፍጥነት ነው።

አሜሪካኖቹ ቀድሞ ኤሌክትሮኒክሱን ኔቫዳ በረሃ ከመሬት በታች በእውነተኛ ፍንዳታ ይፈትኑት ነበር። ያ በመስከረም 1992 (እ.ኤ.አ.) ቆመ፤ ሸክሙም በእነዚህ ማሽኖች ላይ ወደቀ።

የዚ ጎረቤት የሆነውን «ሳተርን»ን ቢያዩ ግን አይጠፋብዎትም ነበር፦ ልክ እንደ እርስዎ ቲዩብ ኤሌክትሮን ከብረት ጋር እያጋጨ ጠንከር ያለ ራጅ ያወጣል።