«ዛሬ በታሪክ» ልትጀምሪ ለጠየቅሽው እህቴ፦ መጀመሪያ ቀኑን አጣሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። በየቀኑ አንድ የቋንቋ፣ አንድ የታሪክ፣ አንድ የጠቅላላ እውቀት ቁም ነገር በቴሌግራም ልለጥፍ አስቤያለሁ፣ ምን ልጠንቀቅ ነው ያልሽው። ስለ ፎቶ ጥራትና ስለ መለጠፊያ ሰዓት ሌሎቹ ነግረውሻል፣ እሱን እዘለዋለሁ። እኔ አራት ዓመት ሳላቋርጥ በየቀኑ ጽፌያለሁ። ከዚያ ሰብስቤ በአጀንዳ (በየቀኑ በሚገለጥ የማስታወሻ ደብተር) መልክ አሳተምኩትና 41 ሺህ ብር ከሰርኩ። ያከሰረኝ የአንድ ቀን ስህተት ነው። አንቺም ልክ እንደኔ ቀን እየፈለግሽ ልትለጥፊ ስለሆነ ልንገርሽ።

1. ጳጉሜን ላይ ተጠንቀቂ። የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት እንደምታውቂው እገምታለሁ። ግን ብዙ ሰው «ሴፕቴምበር ከሆነ ሰባት ነው የሚቀነሰው» ይልና ይሳሳታል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ሰባት ከቀነስሽ 1953 ይመጣል። ትክክሉ ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ! ይህን በትክክል የጻፍኩ ቀን አንባቢ በደስታ ሲቀባበለው አመሸ። እስካሁን ከጻፍኳቸው ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። የአየር መንገዳችንም ነገር ደስ ይላል። የተመሠረተው ዲሴምበር 1945፣ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ኤፕሪል 1946 ነው። በፈረንጁ ሁለት ዓመት ነው፣ በእኛ ግን ሁለቱም 1938 ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ያለውን አንባቢ ይወደዋል።

2. በእኛ አቆጣጠር ከ1892 በፊት የሆነ ነገር ስትጽፊ ቁሚ! እኔን የጣለኝ ይሄ ነው። የአድዋን ገጽ ሳዘጋጅ የዘንድሮውን ካላንደር ገለጥኩ። የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል። ስምንት ዓመት ደምሬ «ማርች 2 ቀን 1896» አልኩ። ማርች 2 ቀን 1896 ምን ቀን ነበር ብዬ ኢንተርኔት ላይ ሳይ ሰኞ አለኝ። ጻፍኩት። አንድ ሺህ ኮፒ ታተመ። አንድ ትምህርት ቤት ሦስት መቶ ወስዶ ነበር፣ በሳምንቱ ሁሉንም መለሰው። የታሪክ መምህሩ ደውለው «ልጄ፣ አድዋ እኮ እሑድ ነው። ሰኞ ያደረግኸው በምን ማስረጃ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጦርነቱ የተደረገው ማርች 1 ነው። የካቲት 23 መሆኑ ትክክል ነው፣ የተሳሳተው የፈረንጁ ቀን ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ያለምንም ልዩነት ስድስተኛ ጳጉሜን ይጨምራል። የእነሱ ግን በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለለ። ስለዚህ በፈረንጁ ከ1800 እስከ 1900 መካከል ያለው ቀን ሁሉ ዛሬ ከምናውቀው በአንድ ቀን ይለያል። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ኤፕሪል 13 ነበር፣ ዛሬ ሚያዝያ 6 ኤፕሪል 14 ነው። የውጫሌ ውልም እንዲሁ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ያን ጊዜ ሜይ 2፣ ዛሬ ሜይ 3። እኔ ሦስቱንም አበላሽቻቸው ነበር። 2000 ላይ እነሱም ስላልዘለሉ ለውጥ አልመጣም። 2100 ላይ ግን ይዘላሉ፣ ከዚያ በኋላ ገና ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል።

3. ቢሮ ሄጄ አረጋግጣለሁ አትበይ። ከመታተሙ በፊት እኮ ሄጄ ነበር! ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ነው። መጀመሪያ «ደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። ደብዳቤ ይዤ ስሄድ ማኅተሙ አይነበብም ተባልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። በአራተኛው ቀን አንዷ ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ለአጀንዳ ብለህ ነው እንዴ የምታስቸግረን?» አለችኝ። አዎ፣ ለአጀንዳ ነው። ሰው በየቀኑ የሚገልጠው እሱን ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በኋላ ያዳኑኝ የሰፈራችን መሪጌታ ናቸው። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ጣታቸው ላይ ቆጥረው ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ነገሩኝ። አንቺም ያዢው። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሪ፣ 1888 ከሆነ 7388 ይመጣል። እሱን ለአራት አካፍዪ፣ 1847። ሁለቱን ደምሪ፣ 9235። ለሰባት ስታካፍዪው የሚቀረው 2 ነው። ምንም ካልቀረ መስከረም 1 ሰኞ ይውላል፣ 1 ከቀረ ማክሰኞ፣ 2 ከቀረ ረቡዕ፣ እንዲህ እያልሽ ትቀጥያለሽ። (ለአራት ስታካፍዪ የሚተርፈውን ተዪው።) ስለዚህ የ1888 መስከረም 1 ረቡዕ ነበር። ከዚያ ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁሉ ሠላሳ ቀን ስለሆነ እስከ የካቲት 23 መቁጠር ቀላል ነው፣ እሑድ ላይ ያርፋል። ከኢንተርኔቱ ጋር ካልገጠመ አንዱ ቦታ ስተሻል ማለት ነው፣ አትለጥፊው።

4. ቋንቋው ይቀላል። «መኪና»፣ «ጎማ»፣ «ፉርኖ» ከጣሊያንኛ፣ «ሹፌር»ና «ለገሃር» ከፈረንሳይኛ እንደመጡ ብትጽፊ ሰው ይወደዋል። መዝገበ ቃላት ሳታዪ ግን አንድም ቃል አትልቀቂ።

እርማቱን በትንሽ ወረቀት አሳትመን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሦስት ሌሊት ቁጭ ብለን በሙጫ ለጠፍን። የመለሰው ትምህርት ቤት ግማሹን መልሶ ወሰደ፣ መምህሩ ራሳቸው መጥተው ነው የተረከቡት። ቤት ውስጥ ወደ ስልሳ ኮፒ ቀርቶኛል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አንዱን እልክልሻለሁ። የካቲት ገጽ ላይ የተለጠፈውን ታገኚዋለሽ።